ብስኩት፣ ካካዎ እና ዓይነት 1 የስኳር ህመም ያለባት ልጅ



ዛሬ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ጣፋጭ ልጽፍላችሁ ነው። ኦቨን አያስፈልገውም፤ እሳት የሚነካው ቅቤው እስኪቀልጥ ድረስ ብቻ ነው፤ የ7 ዓመት ልጅ በእጁ አድቦልቡሎ ይጨርሰዋል። ትራፍል ይሉታል። ብስኩት ተደቁሶ ከካካዎ፣ ከቅቤና ከጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ጋር ይለወሳል፣ ይድቦለቦላል፣ ፍሪጅ ገብቶ ይጠነክራል፤ በቃ። "ዶክተር፣ ስኳር ቀንሱ ሲሉን ከርመው ዛሬ ምን ነካዎት?" የምትሉኝ አትጠፉም። ታገሱኝና አንብቡት፤ በተለይ ዓይነት 1 የስኳር ህመም ያለበት ልጅ ቤታችሁ ካለ።

እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ስኳር ያለባቸው ልጆች በየ3 ወሩ ለክትትል ወደ እኛ ይመጣሉ። ሲመጡ ሁለት ነገር አያለሁ። አንዱ ቤት ሲለኩ የከረሙት ስኳር የተጻፈበት ደብተር ነው፤ ሌላው የ3 ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ደስ ይለኛል። ደብተሩ አምሮ የደሙ ውጤት ከፍ ብሎ ሲመጣ ግን ከኢንሱሊኑ በፊት ፍራሹን እጠረጥራለሁ። ፍራሽ ስላችሁ ቀልድ አይደለም።

አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬ ነው የምነግራችሁ። እናቷ ጠንካራ ሴት ናቸው። ልጅቷ ታማ ተኝታ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ቤታቸው ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም። ለታላቅ ወንድሟም ተከልክሏል። ልደት ሲጠሩ ይቀራሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ የልጅቷ ስኳር አልወርድ አለ። አንድ ቀን አንሶላ ሊቀይሩ ፍራሹን ሲያነሱ የከረሜላና የቸኮሌት ወረቀት ተከምሮ አገኙ። በፌስታል ጠቅልለው ይዘውት መጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። "ይኸው ዶክተር፣ ይዩልኝ" አሉ። ልጅቷ ጫማዋን ታያለች። ወረቀቱን ገለል አድርጌ ከየት እንዳገኘችው ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። ግማሹን ጓደኞቿ ናቸው የሰጧት። ጥቂቱን በምሳ ብሯ ገዝታዋለች። አንዱን ወድቆ ነው ያገኘችው።

ያሳሰበኝ ጣፋጭ መብላቷ አልነበረም፤ ተደብቃ መብላቷ ነው። በግልጽ የተበላ ቸኮሌት ይቆጠራል፣ ኢንሱሊን ይታሰብለታል፣ ከሰዓታት በኋላ ይለካል። ፍራሽ ሥር የገባውን ግን ከልጅቷ በቀር የሚያውቀው የለም። ማታ ስኳሯ 380 ሲሆን እናት "ኢንሱሊኑ ተበላሽቶ ይሆናል" ይላሉ፤ ሐኪሙ መጠኑን ልጨምር ይላል። መጠኑ ከተጨመረ በኋላ ደግሞ ልጅቷ አንድ ቀን ከረሜላ ሳታገኝ ትውላለች። ያን ሌሊት ኢንሱሊኑ የሚሠራበት ስኳር ያጣና የደሟ ስኳር እንቅልፍ ላይ እያለች ይወርዳል። ድብቅ ከረሜላ በሁለቱም በኩል ይጎዳል፤ ሲበላም፣ ሳይበላ ሲቀርም።

ልጅቷ ውጭ ቆይታ ስትጠብቀን እናቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እውነቱን ይንገሩኝ፤ ትንሽ ሳለች ከረሜላ ስለማበዛባት ነው ወይ የታመመችው?" አሉኝ። ይህን ጥያቄ ከስንት እናት እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። አይደለም። ዓይነት 1 የስኳር ህመም የሚመጣው የሰውነት የራሱ መከላከያ ተሳስቶ፣ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሴሎች ሲያጠቃቸው ነው። ከረሜላ አያመጣውም፤ ከረሜላ መከልከልም አያስቀረውም ነበር። በአዋቂዎች ላይ በብዛት የምናየው ዓይነት 2 ከክብደትና ከአኗኗር ጋር ይያያዛል። ጎረቤት የሚያወራው ስለዚያኛው ነው፤ የምትወቀሰው ግን የዚህችኛዋ ልጅ እናት ናት።

ስኳር ያለበት ልጅ ጣፋጭ አይቀምስም የሚባልበት ዘመን በእርግጥ ነበር። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች በእጃቸው የነበረው መሣሪያ ረሃብ ነው። ልጆቹ አጥንታቸው እስኪታይ ምግብ ይቀነስባቸዋል፤ በዚያም ጥቂት ወራት፣ ቢበዛ ጥቂት ዓመታት ይገፋሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር 1922 ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ፤ ሌላ 13 ዓመት ኖረ። ከዚያ ወዲህ እነዚህን ልጆች በሕይወት የሚያኖራቸው ኢንሱሊን ነው። አንዳንድ ቤት ግን አሁንም ከ1922 በፊት ያለ ይመስለኛል። ጣፋጩ በጥብቅ ይከለከላል፤ ኢንሱሊኑ ግን "ዛሬ እንኳ ብዙም አልበላችም" ተብሎ ይዘለላል። ልጅ የሚገድለው ይህ ሁለተኛው ነው።

ለእናቷ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ጣፋጭ በግልጽ ትብላ፤ ግን ውስጡ ምን እንዳለ እናንተ የምታውቁት ይሁን አልኳቸው። "ኬክ ልጋግርላት? ኦቨን እኮ የለኝም" አሉ። የትራፍሉን አሠራር በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ጻፍኩላቸው። ፋርማሲ ይዘውት እንዳይሄዱ ስላቸው ሣቁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ሲሥቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

አሠራሩ ይኸው። ቤቴም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ስለምሠራው መጠኑን በደንብ አውቀዋለሁ። 200 ግራም ደረቅ ብስኩት፣ መሐሉ ክሬም የሌለበት ተራው። 20 ግራም ያልጣፈጠ ካካዎ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይሆናል። 50 ግራም የገበታ ቅቤ። 150 ግራም ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት፣ ኮንደንስድ ሚልክ የሚባለው፤ ቆርቆሮው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣልና ሁሉንም አትገልብጡት። ካካዎ ስትገዙ ስኳር የተቀላቀለበትን የሚጠጣ ቸኮሌት እንዳትይዙ ተጠንቀቁ፤ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፣ ቆርቆሯቸውም ይመሳሰላል።

ብስኩቱን ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ በመዳመጫ ወይም በጠርሙስ እየዳመጣችሁ አድቅቁት። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል፤ የእኔ ትንሹ ለመምታት እንጂ ለመብላት የመጣ አይመስልም። ሙቀጫም ይሆናል፣ ነጭ ሽንኩርት ያልተወቀጠበት ከሆነ። ዱቄት እስኪሆን ድረስ አታድቅቁት፤ ጥቂት ሻካራ ፍርፋሪ ሲቀር ነው ጥርስ ላይ የሚጥመው። ካካዎውን በወንፊት ነፍታችሁ ከብስኩቱ ጋር አደባልቁ። ቅቤውን አቅልጡና ከእሳት አውርዱት፤ ጣፋጩን ወተት ጨምሩበት፤ ከዚያ ብስኩቱ ላይ አፍስሱት። መጀመሪያ በማንኪያ፣ ቀጥሎ በታጠበ እጅ ለውሱት። እፍኝ አድርጋችሁ ስትጨብጡት ካልተፈረፈረ ደርሷል። ከተፈረፈረ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት በሾርባ ማንኪያ ጨመር አድርጉበት። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ፤ ሲቀዘቅዝ እጅ ላይ አይጣበቅም። ከዚያ ለ24 እኩል ከፍላችሁ ማድቦልቦል ነው።

ሲያልቅ ላዩን ያልጣፈጠ ካካዎ ወይም የኮኮናት ፍርፋሪ ላይ አንከባሉት። በቀለጠ ቸኮሌት መንከር የሚፈልግም አለ። ቸኮሌቱን ቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን በሞቀ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን አቅልጡት፤ ጥቂት የውሃ ጠብታ እንኳ ከገባበት ይጓጉላል። ስኳር ላለባት ልጅ ግን እኔ ካካዎውን እመርጣለሁ። ቸኮሌቱ አንዷ ላይ ወፍሮ ሌላዋ ላይ ስለሚሳሳ ቁጥሩን ያበላሽብናል።

ለ24 እኩል ያልኳችሁ ለቁጥሩ ስል ነው። ፓኬቶቹ ጀርባ ያለውን ሠንጠረዥ ተመልከቱ። "ስኳር" የሚለውን መስመር ብቻ አትዩ፤ "ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት" የሚለውን ፈልጉ፤ የብስኩቱ ዱቄትም ሆድ ገብቶ ስኳር ይሆናልና። እኔ ጋ ያለው ብስኩት በ100 ግራም 74 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ 200 ግራሙ 148 ይሆናል። የቆርቆሮው ወተት በ100 ግራም 55 ነው፤ 150 ግራሙ 82 ገደማ። ካካዎው 4 ያህል ይጨምራል። ቅቤው ላይ የለም ማለት ይቻላል። ድምሩ 234 ነው፤ ለ24 ሲካፈል አንዷ ፍሬ 10 ግራም ለመሙላት ጥቂት ይቀራታል፤ 10 ብላችሁ ያዙት። ለልጅም ለእናትም የሚቀል ቁጥር ነው። የእናንተ ፓኬት ሌላ ቁጥር ካለው በእሱ አስሉ።

የኩሽና ሚዛን ከሌላችሁ የብስኩቱን ክብደት ከፓኬቱ ላይ አንብቡ፤ የቅቤውንም እንዲሁ። የተለወሰውን ሰፌድ በሚያህል ትሪ ላይ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ጠፍጥፉና በአንድ በኩል 4፣ በሌላው 6 አድርጋችሁ በቢላ ከፋፍሉት። 24 እኩል ቁራጭ ወጣ ማለት ነው። መክፈሉን ለልጅቷ ተዉላት። ራሷ የቆረጠችውን ቁጥር አትረሳውም።

ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ሦስት ፍሬ ትራፍል ማለት ነው፣ ያውም በሁለት ደቂቃ ተጠጥቶ የሚያልቅ። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። "ሙዝ ጤናማ ነው" ተብሎ በቀን አራት የሚበላ፣ አንዲት ብስኩት ግን የማይነካ ልጅ አለኝ፤ ስኳሩ ለምን እንደማይወርድ ቤተሰቡ ግራ ገብቶት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስንት ትብላ? መቼ? መልሱ በምትወጋው የኢንሱሊን ዓይነት ይለያያል። ከየምግቡ በፊት ፈጣን ኢንሱሊን የሚወጉ ልጆች ቀላል ነው፤ ትራፍሉን ከምሳ ጋር አያይዛችሁ 10 ወይም 20 ግራሙን ከምሳው ካርቦሃይድሬት ጋር ትደምራላችሁ። ለስንት ግራም ስንት ዩኒት የሚለው ሐኪማችሁ ለልጃችሁ ብቻ ያወጣው ነው፤ ከጎረቤት ልጅ አትቅዱ።

እኛ አገር ብዙ ልጆች የሚጠቀሙት ግን ጠዋትና ማታ የሚወጋውን የተቀላቀለ ኢንሱሊን ነው። ይህ ኢንሱሊን ጠዋት ከገባ በኋላ ልጅቷ በላችም አልበላችም ሥራውን ይቀጥላል። ረፋድ ላይ የሆነ ነገር እንድትቀምስ የምንነግራችሁ ለዚሁ ነው። ለእነዚህ ልጆች ትራፍል በምግብ ላይ የሚጨመር ሊሆን አይችልም፤ የሌላ ነገር ቦታ መውሰድ አለበት። ረፋድ ላይ ሁለት ቁራጭ ዳቦ የምትበላ ከሆነ አንዱን ቁራጭ አስቀርታችሁ በምትኩ አንድ ፍሬ ትራፍል ስጧት። ዳቦውን ሙሉ በሙሉ ግን አታስቀሩ፤ ጣፋጭ ብቻውን ሆድ አይሞላም። ማታ ከመኝታ በፊት ለብቻው አይሰጥ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜያት ከመብላቷ በፊትና ከ2 ሰዓት በኋላ ለኩ። ቅቤውና ካካዎው ውስጥ ያለው ስብ የስኳሩን መውጣት ስለሚያዘገየው ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በኋላም አንዴ ብታዩት ጥሩ ነው። ስትሪፕ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ያልኳችሁ። አንዴ የልጃችሁን ሰውነት ካወቃችሁት የሚቀጥለውን መገመት ትችላላችሁ።

ይኸው ስብ ሌላ ነገር ያስከትላል፤ ይህን እባካችሁ ለአያትም፣ ለሠራተኛም፣ ለታላቅ ወንድምም ንገሩ። የልጅቷ ስኳር ሲወርድ ትራፍል አትስጧት። ቸኮሌትም አትስጧት። ቸኮሌት ጣፋጭ ስለሆነ ይጠቅማል ብላችሁ ብትሰጧት ስቡ ስኳሩን አዝግሞ ያስገባዋል፤ እሷ ደግሞ ጊዜ የላትም። ከ70 በታች ስትሆን፣ ወይም መለኪያው በእጃችሁ ሳይኖር ስትንቀጠቀጥ፣ ሲያልባት፣ ስትገረጣ፣ ያለ ምክንያት ስትነጫነጭ፣ የሚያስፈልጋት ቶሎ ደም ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። በውሃ የተበጠበጠ ስኳር፣ ማር፣ ጁስ፣ ወይም "ዜሮ" የሚል ያልተጻፈበት ለስላሳ። ለ30 ኪሎ ልጅ 9 ግራም ያህል ነው፤ ሁለት ሞላ ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ፤ ካልተነሳ ድገሙት። ራሷን ከሳተች ወይም መዋጥ ካቃታት በአፏ ምንም አትጨምሩ፤ በጎኗ አስተኝታችሁ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም ሩጡ።

ፍሪጅ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ትራፍሉ ቶሎ እንዲጠነክር ፍሪዘር ውስጥ የሚከቱ አሉ፤ ለትራፍሉ ምንም አይልም። ለሳህኑ ቦታ ስታመቻቹ ግን የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ወደ ፍሪዘሩ ወይም ከኋላ በረዶ ወደሚሠራበት ጥግ እንዳትገፉት። ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ነው። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፤ ሲያዩት ደህና ሊመስል ይችላል፤ ጣሉት። ፍሪጅ የሌላችሁ ወላጆች ኢንሱሊኑን በውሃ በረጠበ ሸክላ ውስጥ ጥላ ቦታ እንደምታስቀምጡት አውቃለሁ፤ ጥሩ ዘዴ ነው። የወተት ትራፍል ግን በዚያ መንገድ አይቆይም። ለእናንተ የበሶው ይሻላል።

በሶው ስል፣ ጭኮ የምታውቁ እናቶች ቀድማችሁኛል። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ታሽቶ፣ በእጅ ተጠፍጥፎ የሚበላው ጭኮ ምን ጎደለው? ያለ ምድጃ የሚሠራ ጣፋጭ ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም ነበር። እኔ 150 ግራም በሶ፣ 100 ግራም ስኳር የሌለው የለውዝ ቅቤ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማርና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ እለውሳለሁ፤ ሲደርቅብኝ ለብ ያለ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ። 20 ፍሬ ሲወጣው አንዷ 9 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ትይዛለች። ለጾምም ይሆናል። ልብ በሉ፤ በሶ ስለሆነ ከስኳር ነፃ ነው ማለት አይደለም። ገብስም ካርቦሃይድሬት ነው፣ ማርም ስኳር ነው። ቁጥሩ ከብስኩቱ ብዙ እንደማይርቅ እያያችሁ ነው።

በሶ የተቆላ ስለሆነ እንዲሁ ይበላል። ጥሬ የስንዴ ዱቄትን ግን በብስኩት ፋንታ አትጠቀሙ። ጥሬ ዱቄት ኢ ኮላይና ሳልሞኔላ የተባሉ ተሕዋስያንን ሊይዝ ይችላል፤ አሜሪካ ውስጥ እንደ እነሱ አቆጣጠር በ2016 ጥሬ ዱቄት ከ60 በላይ ሰዎችን በኢ ኮላይ አሳምሟል። ጥሬ እንቁላል የሚገባበት አሠራር ካጋጠማችሁም እለፉት።

ለትናንሾቹ ደግሞ እንዲህ ነው። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም። ከ2 ዓመት በታች ላሉት የተጨመረ ስኳር አስፈላጊ አይደለም። ከ4 ዓመት በታች ያሉት ድቡልቡሉን ሙሉውን አፋቸው ውስጥ ከተው ሊያንቃቸው ስለሚችል ጠፍጥፋችሁ፣ ቆራርሳችሁ፣ አስቀምጣችሁ ስጧቸው፤ እየሮጡ አይብሉ። ለውዝ ቀምሶ የማያውቅ ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ እንግድነት ከመጣ ወላጁን ሳትጠይቁ የለውዙን አትስጡ።

"የስኳር ህመም ለሌለባቸው ወንድሞቿስ?" ለሚል፣ ለእነሱም ሁለት ይበቃቸዋል። በአንዷ ፍሬ ውስጥ የተጨመረው ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ25 ግራም ያነሰ የተጨመረ ስኳር ይመክራል፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ የሻዩም ተቆጥሮ። ዋናው ነገር እሷ ሁለት እየበላች እነሱ ስድስት እንዳይበሉ ነው። ልጅ ይህን ይቆጥራል። "ለስኳር ህመምተኞች" ተብሎ በሁለት እጥፍ ዋጋ የሚሸጠውን ብስኩትም ለእሷ ብቻ አትግዙላት። ስኳሩ ቢወጣለትም ዱቄቱ አለ፤ ካርቦሃይድሬቱን ብታዩት ከተራው ብዙም አይለይም። አንዳንዱ ደግሞ የሚጣፍጥበት ነገር ሲበዛ ሆድ ያስቀምጣል።

የማይሰጥበት ቀን አለ። ልጅቷ ስታተኩስ፣ ስታስመልስ፣ ሆዷን ሲቆርጣት፣ ወይም ስኳሯ ከ250 በላይ ሆኖ አልወርድ ሲል ትራፍል የለም። ኢንሱሊን ግን አለ፤ ባትበላም ኢንሱሊኗን ጨርሶ እንዳታቋርጡ። መጠኑን ለማስተካከል ሐኪማችሁን ጠይቁ። ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ፣ ከአፏ እንደበሰለ ፍራፍሬ ያለ ጠረን ከመጣ፣ ወይም ከፈዘዘች እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይዛችኋት ሂዱ።

ያቺ ልጅ ከ3 ወር በኋላ ተመልሳ መጣች። የ3 ወር ስኳሯ ወርዷል፤ የምንፈልገው ቦታ ግን አልደረሰም። ደብተሩን ስገልጠው ቅዳሜ ቅዳሜ በእርሳስ "ት 2" የሚል ጽሑፍ አየሁ፤ ሁለት ትራፍል ማለቷ ነው። አንድ ማክሰኞ ላይ "ከረሜላ 1፣ ከጓደኛ" ይላል፤ አጠገቡ 290። እናቷ ይህን ሲያዩ ሊቆጡ ፈለጉ፤ በዓይኔ ለመንኳቸው። ለኔ ያ 290 ከድሮዎቹ ቆንጆ ቁጥሮች ሁሉ ይበልጥብኝ ነበር፤ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁና። ያን ቀን ኢንሱሊኗን መጨመር አላስፈለገኝም።

የቀረው የትምህርት ቤቱ ነው፣ እዚያ እናንተ የላችሁምና። ክፍል ውስጥ የልደት ኬክ በሚቆረስበት ቀን ከቤት ሁለት ፍሬ ትራፍል በትንሽ ዕቃ አድርጋችሁ ላኩ፤ ክዳኑ ላይ "20" ብላችሁ ጻፉ። የረፋድ ዳቦዋን በዚያው ልክ ቀንሱ። ከዕቃው ጎን አንድ ትንሽ ካርቶን ጁስ አስቀምጡ፤ ያ ለልደቱ አይደለም። ለመምህሯም በወረቀት እንዲህ ብላችሁ ስጧቸው፦ "ቸኮሌቷን ከጓደኞቿ ጋር ትብላ፣ ግድ የለም። ካላባት ወይም ከተንቀጠቀጠች ግን ጁሱን አሁኑኑ ያጠጡልኝና ይደውሉልኝ፤ ብቻዋን ወደ ቢሮ ወይም ወደ ሽንት ቤት እንዳይልኳት።"